ኬዝ የሚመረጠው ከማዘርቦርዱ ተነስቶ ነው

ቤቱ ውስጥ ኮምፒውተር ለመገጣጠም የተነሳ ሰው ብሩን የሚደለድልበት ቅደም ተከተል ይታወቃል። መጀመሪያ ፕሮሰሰሩ፣ ቀጥሎ ማዘርቦርዱና ራሙ፣ አቅም ከፈቀደ ግራፊክስ ካርዱ። ኬዝ የሚገዛው በተረፈው ነው። በተረፈው ሲገዛ ደግሞ የሚመርጠው ዓይን ነው፤ መብራቱን፣ መስታወቱን፣ የፊቱን ቅርጽ ያያል። እኔ ለዚህ ለተናቀ ሳጥን እከራከራለሁ። ፕሮሰሰርና ማዘርቦርድ በጥቂት ዓመታት ያረጃሉ፤ በደንብ የተመረጠ ኬዝ ግን ሁለትና ሦስት ማዘርቦርድ ያሳልፋል። በዚያ ላይ ባሕር ዳር ውስጥ የሚሠራ ኮምፒውተር የከተማዋን ከፍታ፣ አቧራዋንና የግድግዳዋን ሶኬት የሚያገኛቸው በኬዙ በኩል ነው።

አንድ ኬዝ ብዙ ማዘርቦርድ ማሳለፍ የቻለው አምራቾች በአንድ ልክ ስለሚሠሩ ነው። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጣው ኤቲ የሚባለው ኮምፒውተር ለዓመታት የብዙዎች መለኪያ ሆኖ ቆይቶ ነበር። በዚያ አሠራር ማዘርቦርዱ ላይ ተበይዶ ከኬዙ ጀርባ ብቅ የሚለው የኪቦርዱ ሶኬት ብቻ ነበር ማለት ይቻላል፤ ሌላው ሁሉ በገመድ እየተሳበ ይታሰራል። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1995 ኤቲኤክስን ሲያወጣ ሶኬቶቹን በሙሉ በማዘርቦርዱ አንድ ጠርዝ ሰበሰባቸው፤ ለእነሱም በኬዙ ጀርባ ላይ 158.75 በ44.45 ሚሊሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ክፍተት ወሰነ። ክፍተቱን የሚሸፍነው ቀጭን ላሜራ ከኬዙ ጋር ሳይሆን ከማዘርቦርዱ ጋር ይመጣል። እያንዳንዱ ማዘርቦርድ የራሱን ላሜራ ይዞ ስለሚመጣ ክፍተቱ ለሁሉም አንድ ነው። ከ25 ዓመት በፊት የተሠራ ደህና የኤቲኤክስ ኬዝ ዘንድሮ የወጣ ማዘርቦርድ የሚቀበለውም በዚህ ምክንያት ነው።

መጠኖቹን በቃል መያዝ አይከብድም። ኤቲኤክስ 305 በ244 ሚሊሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የመጣው ማይክሮ ኤቲኤክስ ቁመቱ አጥሮ 244 በ244 ሆነ። ቪያ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2001 ያስተዋወቀው ሚኒ አይቲኤክስ ደግሞ 170 በ170 ብቻ ነው። ትንንሾቹ የብሎን ቀዳዳቸውን አብዛኛውን ከትልቁ ስለወረሱ ትንሽ ማዘርቦርድ ትልቅ ኬዝ ውስጥ ይገባል፤ ትልቅ ማዘርቦርድ ግን ትንሽ ኬዝ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ አስቀድሞ የሚታወቀው ማዘርቦርዱ መሆን አለበት፤ ኬዙን አስቀድሞ መግዛት በሬውን ሳያዩ ቀንበር መጥረብ ነው። ጥንቃቄ የሚፈልገው ኢ-ኤቲኤክስ የሚባለው ሰፊው ዓይነት ነው። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ወርዱ ከአምራች አምራች ስለሚለያይ፣ እሱን የሚገዛ ሰው በስሙ ሳይሆን በሚሊሜትሩ ይመን።

አሁን ወደ ቀዳዳዎቹ እንምጣ፤ ብዙ ማዘርቦርድ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነውና። ማዘርቦርድ በቀጥታ ላሜራ ላይ አይቀመጥም። ከላሜራው 6 ሚሊሜትር ተኩል ያህል ከፍ የሚያደርጉት ትንንሽ የናስ እግሮች አሉ፤ ብሎኑ የሚታሰረው እነሱ ላይ ነው። ሙሉ ኤቲኤክስ ዘጠኝ ቀዳዳ አለው፤ ሚኒ አይቲኤክስ አራት። ኬዙ ከፋብሪካ ሲወጣ እግሮቹ ለኤቲኤክስ ተተክለው ከሆነና እናንተ የምትገጥሙት ማይክሮ ኤቲኤክስ ከሆነ፣ ቀዳዳ የሌለበት ቦታ የቀረ እግር የማዘርቦርዱን ጀርባ ይነካል። ናስ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ የነካው ነጥብ ከኬዙ ጋር ሾርት ይፈጥራል። ኮምፒውተሩ ወይ አይነሳም፣ ወይ ተነስቶ ወዲያው ይጠፋል፣ ከባሰም ማዘርቦርዱ ይቃጠላል። ስለዚህ ማዘርቦርዱን ከማስገባታችሁ በፊት ኬዙን በጎኑ አስተኙ፣ የማዘርቦርዱን ቀዳዳዎች ቁጠሩ፣ የተተከሉትን እግሮች ቁጠሩ። የማይመሳሰለውን ንቀሉ፤ የጎደለውን ትከሉ።

በርካሽ የሚሸጡት ማዘርቦርዶች ሌላ ጠባይ አላቸው። ማይክሮ ኤቲኤክስ ይባላሉ እንጂ የብዙዎቹ ወርድ 170 ወይም 180 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የቀኙ ጠርዝ እግሮቹ ጋ አይደርስም፤ አየር ላይ ይንሳፈፋል። ባለ 24 ፒኑ የፓወር ሰፕላይ ገመድ የሚሰካው ደግሞ እዚያው ጠርዝ ላይ ነው። ገመዱን በኃይል ስትጫኑት ማዘርቦርዱ ይጎብጣል፤ በውስጡ ያሉት የመዳብ መስመሮች ከዓይን ተሰውረው ሊበጠሱ ይችላሉ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ራሙንና ይህን ገመድ ስትሰኩ በሌላ እጃችሁ ጠርዙን ከሥር ደግፉ።

ስለ ብሎንም አንድ ነገር ልጨምር። የኬዝ ብሎን ሁለት ዓይነት ነው። ማዘርቦርዱን፣ ፓወር ሰፕላዩንና ትልቁን ሃርድ ዲስክ የሚያስረው አብዛኛውን ጊዜ በኢንች የሚለካ ሻካራ ጥርስ ያለው ብሎን ነው፤ ትንሹን ኤስኤስዲ የሚያስረው በሚሊሜትር የሚለካው ባለ ደቃቅ ጥርስ ነው። ሲያዩአቸው ስለሚመሳሰሉ አንዱን በሌላው ቀዳዳ በካቻቢቴ አስጨንቆ ማስገባት ጥርሱን ይበላዋል። የተለመደው የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ የሚይዘው በአብዛኛው የሚሊሜትሩን ነው። ስለዚህ አሮጌ ኬዝ ስትጥሉ ብሎኑንና የናስ እግሩን ፈታችሁ አስቀምጡ።

በእኛ ከተማ ግን ጥያቄው ብዙ ጊዜ ከአዲስ ኬዝ አይነሳም። ከቢሮ የወጡ ያገለገሉ ዴሎችና ኤችፒዎች በየቤቱ አሉ። ባለቤቱም «ኬዙ ጠንካራ ነው፣ ማዘርቦርዱን ብቻ ልቀይር» ይላል። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ችግሩ እነዚህ ድርጅቶች ለቢሮ የሚሠሯቸው ብዙዎቹ ማሽኖች በራሳቸው ልክ የተሠሩ መሆናቸው ነው። ኦፕቲፕሌክስ 9020ን እንውሰድ። ማዘርቦርዱ ኃይል የሚቀበለው በ24 ፒን ሳይሆን በዴል የራሱ ባለ 8 ፒን ሶኬት ነው። በብዙዎቹ የቢሮ ማሽኖች የጀርባው ክፍተትም ባዶ አራት ማዕዘን አይደለም፤ የሶኬቶቹ ቅርጽ ላሜራው ላይ ተበስቷል። የፊቱ ማብሪያ ገመድም ከሌላ ማዘርቦርድ ጋር አይግባባም። ቀጫጭኖቹ ደግሞ 150 በ86 ሚሊሜትር ፊት ያለውን የተለመደውን ፓወር ሰፕላይ አይቀበሉም። እንዲህ ያለውን ማሽን እንዳለ ራምና ኤስኤስዲ ጨምሮ መጠቀም ያዋጣል፤ ኬዙን ለአዲስ ማዘርቦርድ ማዳን ግን ድካሙ ከዋጋው ይበልጣል።

አየሩ የራሱ ሒሳብ አለው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው 80 በመቶ ያህሉ ነው፤ በእኩል ሙቀት አየሩም በዚያው ልክ ይሳሳል። ፋኑ በደቂቃ የሚገፋው የአየር መጠን በቦታ ሲለካ ያው ነው፤ በክብደት ሲለካ ግን አንድ አምስተኛው ጎድሏል። ሙቀትን ተሸክሞ የሚወጣው ደግሞ ክብደቱ ነው። 300 ዋት ሙቀት የሚያወጣ ኮምፒውተር እናስብ፤ ክፍሉ 25 ዲግሪ ነው፤ ከኬዙ የሚወጣው አየር ከክፍሉ በ10 ዲግሪ ብቻ እንዲበልጥ እንፈልጋለን። በባሕር ወለል ላይ በሰዓት 91 ሜትር ኩብ ያህል አየር ማለፍ አለበት። እዚህ ግን 113 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል። የከተማዋ አየር እንደ ቆላ ስለማይጋይ ጉድለቱ በከፊል ይካሳል። ሆኖም በመጋቢትና በሚያዝያ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ወደ 30 ዲግሪ ሲጠጋ፣ ፊቱ በመስታወት የታሸገ ኬዝ የያዘ ሰው ፋኑ ሲጮህ ይሰማል።

ስለዚህ ፊቱ ወንፊት የሆነ ኬዝ ምረጡ። ከፊት ሁለት ባለ 120 ሚሊሜትር ፋን ወደ ውስጥ፣ ከኋላ አንድ ወደ ውጭ ቢሆኑ ለአብዛኛው የቤት ኮምፒውተር ይበቃል። የሚያስገባው ከሚያስወጣው ሲበልጥ የኬዙ ውስጥ ግፊት ትንሽ ከፍ ይላል፤ አየር በየስንጥቁ ወደ ውጭ ይወጣል እንጂ አቧራ ይዞ አይገባም። የሚገባው በፊቱ ብቻ ከሆነ አቧራውም የሚያዘው እዚያ በተገጠመው ማጣሪያ ነው፤ ማጣሪያው ያለ ካቻቢቴ ተነቅሎ የሚታጠብ መሆኑን ከመግዛታችሁ በፊት እዩ። በበጋ ዋና መንገድ ዳር ያለ ቤት ማጣሪያው ቶሎ ይደፈናል፤ የተደፈነ ማጣሪያ ደግሞ ከታሸገ ፊት አይሻልም። ኬዙንም ከወለሉ አንሱት፤ አቧራም የመወልወያ ውኃም የሚበዛው እዚያ ነው። ሐይቁ ዳር ላላችሁ ደግሞ፣ በክረምት ማታ መብራት የሚያበራ ፋን ትንኝ ይጠራል፤ ትንኙም በፋኑ ተስቦ ይገባል።

አሁን ብዙ ሰው ስለሚያማርርበት ነገር። «ኬዙን ስነካው ይነዝረኛል» ይባላል፤ ተጠያቂውም ኬዙ ወይም ፓወር ሰፕላዩ ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ያጠፋው ግድግዳው ነው። ፓወር ሰፕላይ ውስጥ የኤሌክትሪክ ረብሻን ወደ ኧርዝ የሚያሳልፉ ትንንሽ ካፓሲተሮች አሉ፤ አንዱ ከኃይል መስመሩ፣ ሌላው ከኒውትራሉ ወደ ኬዙ ብረት የተገናኙ ናቸው። ሶኬቱ የኧርዝ ሽቦ ካለው ያቺ ጥቂት ኮረንቲ በሽቦው ወደ መሬት ትሄዳለች። ከሌለው የምትሄድበት ታጣለች፤ የኬዙ ብረትም በሁለቱ መስመሮች መካከል ይንጠለጠልና ከ220 ቮልቱ ግማሹን ያህል ይይዛል። ኮረንቲዋ እጅግ ትንሽ ስለሆነች ትነዝራለች እንጂ አትጥልም። ነገር ግን አንድ ቀን ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ሽቦ ተላቆ ብረቱን ቢነካ ሰውን ሊያድን የሚገባው ያ የሌለው ኧርዝ ነበር። ባለ ሦስት ሽቦ ገመድ በሁለት ሽቦ ዲቫይደር ላይ መሰካትም ያው ነው። በባለሙያ የኧርዝ ዘንግ አስቀብራችሁ እስከ ሶኬቱ ሽቦ አስዘርጉ። ኒውትራሉን ከኬዙ ጋር አገናኝቶ መገላገል የሚሉትን አትስሙ፤ የኒውትራሉ መስመር የተበጠሰ ቀን ኬዙ ሙሉ 220 ቮልት ይሸከማል።

የናስ እግሮቹ ሁለተኛ ሥራም እዚህ ላይ ነው። የማዘርቦርዱ የብሎን ቀዳዳዎች ዙሪያቸውን በብረት የተቀቡት በብሎኑና በእግሩ በኩል ከኬዙ ብረት ጋር እንዲገናኙ ነው። ኬዝ የብረት ሥራና የኤሌክትሪክ ሥራ የሚገናኙበት ዕቃ ነው። ሁለቱም ሙያዎች በሶቭየት ኅብረት ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ1963 በተከፈተው በባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ከመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች መካከል ነበሩ፤ ዛሬም ላሜራ የሚቆርጥና ሽቦ የሚዘረጋ ባለሙያ በከተማዋ አይጠፋም። ፊቱ የታሸገ ደህና ኬዝ ያለው ሰው ብረት ቤት ወስዶ ፊቱን አስከፍቶ ወንፊት ማስበየድ ይችላል። ውስጡ ግን ባዶ ይሁን፤ የብረት ብናኝ ማዘርቦርድ ላይ ከወደቀ የሚያደርገው ከተረሳ የናስ እግር አይለይም።

የቀሩት ልኮች ቶሎ ያልቃሉ። ኬዙ የሚቀበለውን የግራፊክስ ካርድ ርዝመትና የፕሮሰሰር ማቀዝቀዣ ቁመት አምራቹ ይጽፋል። ረጅም ካርዶች ከ300 ሚሊሜትር ያልፋሉ፣ ቁመታም ማቀዝቀዣዎች ወደ 160 ይጠጋሉ፤ ቁጥር ከቁጥር ማስተያየት ነው። የፊቱ ባለ 19 ፒን የዩኤስቢ 3 ገመድ ማዘርቦርዱ ላይ መሰኪያ እንዳለው እዩ፤ በርካሾቹ ላይ ስለሚጎድል የፊቱ ሶኬት ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

እኔ ብጠየቅ፣ ለባሕር ዳር ቤት ማይክሮ ኤቲኤክስ ማዘርቦርድ ከመካከለኛ የኤቲኤክስ ኬዝ ጋር አጣምራለሁ። ማዘርቦርዱ ዋጋው ይቀላል፣ ኬዙ አየር ይተርፈዋል፣ ወደፊት ትልቅ ማዘርቦርድ ቢመጣም ቦታ አለው። ጎኑም ላሜራ ይሁን። መስታወቱ መሃሉን ቢመቱት ይችላል፤ ጠርዙ ሴራሚክ ወለል ሲነካ ግን በአንዴ ይረግፋል፤ ከአዲስ አበባ እስከዚህ ያለው ከ500 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድም አይምረውም።

ከአዲስ አበባ የምታስመጡ ከሆነ ሻጩ «ይገጥማል» ስላለ ብቻ ብር አትላኩ፤ የኬዙን ጀርባ ፎቶ አስልኩ። የካርድ ማስገቢያዎቹን መስመሮች ቁጠሩ። ሰባት ከሆኑ ኤቲኤክስና ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ይገባል፤ አራት ከሆኑ ማይክሮ ኤቲኤክስና ሚኒ አይቲኤክስ፤ አንድ ወይም ሁለት ከሆኑ ሚኒ አይቲኤክስ ብቻ። ከነሱ በላይ ያለው አራት ማዕዘን ባዶ ክፍተት መሆን አለበት። የሶኬት ቅርጽ ላሜራው ላይ ተበስቶ ከታያችሁ ያ ኬዝ ከሌላ ማሽን የተፈታ ነውና ሌላ ፈልጉ።