ከጋቢው በፊት ሚዛኑን፦ የሕፃናት ቅርሻት፣ እውነት ወይስ ተረት?

ከሰዓት በኋላ በአርባ ምንጭ፣ የሲቀላ ሰፈር ሙቀት ሲበረታ፣ አራስ ያለችበት ቤት በሩ ተከፍቶ መጋረጃው ብቻ ይቀራል። ውስጥ፣ አንድ ወር ከአሥራ አምስት ቀን የሆነው ልጅ ጠግቦ እናቱ ትከሻ ላይ ተደግፏል። አንዴ ያገሳል። ወዲያው ነጭ ወተት በአገጩ ወርዶ የዶርዜ ሸማኔ የሠራውን ጋቢ ያርሰዋል። ልጁ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ዐይኑን ያንከራትታል። እናቱ ግን ትደነግጣለች፤ «ይኸው፣ የጠባውን ሁሉ መለሰው!»

ከዚያ ምክሩ ይጎርፋል። አንዷ ጎረቤት «እንጥሉ ወርዶ ነው» ትላለች። ሌላዋ «ግግ ነው፣ ቶሎ አስወጪለት» ትላለች። አያት «ፀሐይ ላይ ውለሽ ስላጠባሽው ነው» ይላሉ። ሊጠይቅ የመጣ ዘመድ ደግሞ «ጨጓራ ይሆናል፤ ከፋርማሲ መድኃኒት ግዙለት» ይላል። ሁሉም የሚናገረው ከፍቅር ነው። ነገር ግን ከእነዚህ ምክሮች አንዳንዶቹ ልጁን ከቅርሻቱ ይልቅ ይጎዱታል። ስለዚህ አንድ በአንድ እንያቸው።

ተረት 1፦ የሚያቀርሽ ልጅ ታሟል ማለት ነው።

እውነቱ፦ አብዛኛው ቅርሻት በሽታ አይደለም። የምግብ ቧንቧችን ከጨጓራ ጋር በሚገናኝበት ቦታ እንደ በር የሚከፈትና የሚዘጋ የጡንቻ ቀለበት አለ። በሕፃን ላይ ይህ በር ገና አልጠነከረም፤ በየመሃሉ ላላ ይላል። ቧንቧው አጭር ነው፣ ጨጓራው ትንሽ ነው፣ ምግቡ ፈሳሽ ብቻ ነው፣ ልጁም ቀኑን በአብዛኛው ተኝቶ ነው የሚውለው። ወተቱ ቢመለስ ምን ይገርማል?

እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ከሦስት ወር በታች ካሉ ሕፃናት ግማሽ ያህሉ በቀን ቢያንስ አንድ ጊዜ ያቀርሻሉ። አራት ወር ላይ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ከሦስቱ ሁለቱ ይደርሳል። ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ግን ከመቶ አምስት ብቻ ይቀራሉ። ልጁ ቁጭ ማለት ሲጀምር፣ ጠጠር ያለ ምግብ ሲለምድ፣ በሩም ሲጠነክር፣ ቅርሻቱ በራሱ ይቀንሳል። በዚህ ዕድሜ «ዳነ» የሚባለው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ያደገ ልጅ ነው።

ተረት 2፦ የጠባውን ሁሉ መለሰው፤ ሆዱ ባዶ ቀረ።

እውነቱ፦ ዐይን ያታልላል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ወተት ጋቢ ላይ አፍስሳችሁ እዩት። ሲሰፋ ሲኒ ሙሉ ይመስላል። ልጁ የሚመልሰውም አብዛኛውን ጊዜ የዚያን ያህል ነው።

ዋናው ጥያቄ «ምን ያህል መለሰ?» ሳይሆን «ምን ያህል ቀረለት?» የሚለው ነው። ይህን የሚመልሰው ሚዛን ነው። ጤነኛ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በቀን በአማካይ ከ20 እስከ 30 ግራም ይጨምራል። ከተወለደ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ኪሎው ትንሽ መቀነሱ የተለመደ ነው፤ እስከ ሁለት ሳምንት ድረስ ይመልሰዋል። ለ45 ቀን ክትባት ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ጤና ኬላ ስትሄዱ ልጁ እንዲመዘንና ኪሎው በካርዱ ላይ እንዲጻፍ ጠይቁ። ቤት ውስጥ ደግሞ ሽንቱን ቁጠሩ፤ በቀን ስድስት ጊዜና ከዚያ በላይ የሚሸና ልጅ በቂ ወተት እየደረሰው ነው። ኪሎ እየጨመረ፣ እየሸና፣ እየሳቀ የሚያቀርሽ ልጅ ሥራ የሚያበዛው ልብስ ለሚያጥበው ሰው ነው እንጂ ለሐኪም አይደለም።

ተረት 3፦ እንጥሉ ወርዶ ነው፤ ወይም ግግ ነው። መቆረጥ፣ መውጣት አለበት።

እውነቱ፦ እንጥል ጉሮሮ ላይ ያለች ትንሽ ሥጋ ናት። ወተቱን የሚመልሰው የላላ ጡንቻ ያለው ግን ታች፣ ጨጓራ አፍ ላይ ነው። ላዩን ቆርጦ ታቹን ማዳን አይቻልም። «ግግ» እየተባለ ከድድ ተፈልፍሎ የሚወጣው ደግሞ ትል ወይም በሽታ ሳይሆን ገና ያልበቀለ የልጁ ጥርስ ነው። ነጭና ለስላሳ የሚመስለውም ያልጠነከረ ስለሆነ ነው። ከሥሩ ያለው የቋሚ ጥርስ ቡቃያም አብሮ ሊበላሽ ይችላል።

ባልጸዳ ምላጭ ወይም ሽቦ የሚሠራ ይህ ሥራ ደም መፍሰስ፣ መንጋጋ ቆልፍና በደም ውስጥ የሚሰራጭ ኢንፌክሽን ያመጣል። አንድ ምላጭ ለብዙ ልጆች ሲሠራበት ኤች አይ ቪም ሊተላለፍ ይችላል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በጎጂ ልማዳዊ ድርጊት አካል ላይ ጉዳት ማድረስን በወንጀል ያስጠይቃል። ከተቆረጠ በኋላ «ተሻለው» የሚባለው ልጅ ቢኖር፣ ዕድሜው ሲገፋ ሳይቆረጥም የሚሻለው ልጅ ነው።

ተረት 4፦ ፀሐይ የመታው ጡት ነው፤ ወተቱ ከብዶታል፤ ጡት ይቅርበት።

እውነቱ፦ የእናት ጡት ወተት ፀሐይ ስለመታት አይበላሽም፣ አይከብድምም። በቆላ የምትኖር እናት ገበያ ውላ መጥታ ያለ ስጋት ታጥባ። የእናት ወተት ከጨጓራ ቶሎ ስለሚወጣ፣ ጡት የሚጠባ ልጅ ቅርሻት ከዱቄት ወተት ጠጪው የቀለለ ነው። ጡት አስጥሎ የላም ወተት መስጠት፣ ወይም «ሆዱን ይያዝለት» ብሎ አጥሚት መጨመር፣ ስድስት ወር ላልሞላው ልጅ ተቅማጥና የምግብ እጥረት መጥራት ነው።

መለወጥ ያለበት ወተቱ ሳይሆን አጠባቡ ነው። አፉ የጡቱን ጫፍ ብቻ ሳይሆን ጠቆር ያለውን ዙሪያም እንዲይዝ አድርጉ፤ አየር አይውጥም። ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ አጥቡት። በመሃልም በመጨረሻም አስገሱት። ከጠባ በኋላ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙት። ሆዱ ላይ የሚታሰረውን መጠቅለያ ወይም ዳይፐር አላሉት፤ የተጨመቀ ሆድ ወተቱን ወደ ላይ ይገፋዋል።

ተረት 5፦ ትንሽ ውሃ፣ የጤና አዳም ውሃ ወይም ግራይፕ ዋተር ጉሮሮውን ያጥብለታል።

እውነቱ፦ ጡት ወተት ከመቶ 88 ያህሉ ውሃ ነው። እስከ ስድስት ወር ድረስ በሲቀላ ሙቀት እንኳ ሕፃኑ ሌላ ውሃ አያስፈልገውም፤ የጠማው ልጅ ጡት ይጠባ። በሙቀት ጊዜ ውሃ ደጋግማ መጠጣት ያለባት እናቱ ናት። ለልጁ የሚሰጠው ውሃ ትንሿን ጨጓራ ሞልቶ የወተቱን ቦታ ይወስዳል፤ ካልጸዳም ተቅማጥ ያመጣል። ጤና አዳም ለቡናው ሽታ ይሁን፤ ለሕፃን አንጀት መጠኑ የማይታወቅ፣ ሊመርዝ የሚችል ቅጠል ነው። ግራይፕ ዋተር እ.ኤ.አ. ከ1851 ጀምሮ በእንግሊዝ የተሸጠ አሮጌ ምርት ነው። የመጀመሪያው ቅመማ አልኮል ነበረበት። የዛሬዎቹ ቢለወጡም ቅርሻትን እንደሚያቆሙ የተረጋገጠ ነገር የለም።

ተረት 6፦ የጨጓራ መድኃኒት ቅርሻቱን ያቆመዋል።

እውነቱ፦ ከሁሉም በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ይህ ነው። ኦሜፕራዞልና መሰሎቹ የሚያደርጉት የጨጓራን አሲድ መቀነስ ብቻ ነው። የላላውን በር አይዘጉም። መድኃኒቱን የሚወስድ ልጅም ያቀርሻል፤ የሚመለሰው ወተት ብቻ አሲዱ ያነሰ ይሆናል።

«ግን በጣም ያለቅሳል፤ እያቃጠለው ነው» ትሉ ይሆናል። ይህም ተፈትሿል። እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ ጥናት 162 ሕፃናት ለሁለት ተከፍለው ግማሾቹ ላንሶፕራዞል፣ ግማሾቹ መድኃኒት የሌለበት አምሳያ ተሰጣቸው። በሁለቱም ወገን ከመቶ 54ቱ ተሻላቸው። ልዩነት አልነበረም። ከባድ ሕመም፣ በተለይ የሳንባ ኢንፌክሽን፣ ግን መድኃኒቱን በወሰዱት ላይ በዝቶ ታየ። ምክንያቱን መገመት አያዳግትም፤ የጨጓራ አሲድ ከወተት ጋር የሚገቡ ጀርሞችን የሚገድል ዘበኛ ነው። ተቅማጥና የሳንባ ምች ሕፃናትን በሚያሰጋበት አገር ያንን ዘበኛ ያለ ምክንያት ማሰናበት ትልቅ ነገር ነው።

የአባትን ወይም የአያትን እንክብል ከፍቶ ለልጅ ማካፈል ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። የአዋቂው እንክብል 20 ሚሊግራም ነው። ሐኪም ለሕፃን ሲያዝ መነሻው በኪሎ 1 ሚሊግራም ገደማ ስለሆነ፣ አራት ኪሎ ለሚመዝን ልጅ አንዱ እንክብል የአምስት እጥፍ ያህል ይሆናል። በዐይን ግምት መክፈልም አያዋጣም፤ ውስጡ ያሉት ጥቃቅን ፍሬዎች ከአሲድ የሚከላከል ሽፋን ስላላቸው ሲፈጩ መድኃኒቱ ይበላሻል።

ታዲያ መድኃኒቱ በጭራሽ አያስፈልግም? ያስፈልጋል፤ ለጥቂቶች። የምግብ ቧንቧው ለቆሰለ፣ ጡት እየገፋ ኪሎው ለቆመ፣ ሐኪም መርምሮ አሲድ እየጎዳው ነው ላለው ልጅ ይታዘዛል። ያን ጊዜ አራት ነገር ጠይቁ፦ መጠኑ በስንት ኪሎ ተሰላ? በመርፌ አልባ ሲሪንጅ እንዴት ይለካል? ከመጥባቱ ስንት ደቂቃ በፊት ይሰጣል? መቼ ይቆማል? ሕክምናው ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ተሞክሮ እንደገና የሚመዘን እንጂ ሐኪሙ ሳያየው ለወራት የሚቀጥል አይደለም።

ተረት 7፦ ማስመለስ ከሆነ ፕላሲል ይበቃዋል፤ ካልሆነም ራኒቲዲን።

እውነቱ፦ ፕላሲል ተብሎ የሚታወቀው ሜቶክሎፕራማይድ የሕፃንን አንገትና ዐይን ሊያጣምም፣ ሰውነቱን ሊያንቀጠቅጥ ይችላል። የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ ዓመት ላልሞላው ልጅ እንዳይሰጥ ወስኗል። ራኒቲዲን ደግሞ ሲቀመጥ ካንሰር ያመጣል ተብሎ የሚጠረጠር ኬሚካል ስለሚፈጠርበት፣ የአሜሪካ ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020 ከገበያ እንዲወጣ ጠይቋል። ለወንድሙ ታዞ የተረፈ ጠርሙስ መደርደሪያ ላይ ካለ ለዚህኛው ልጅ አትስጡ።

ተረት 8፦ በጀርባው ከተኛ ትን ይለዋል፤ በሆዱ ወይም በጎኑ ይተኛ።

እውነቱ፦ ይህ ፍርሃት የብዙ እናት ነው፤ ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ልጁ በጀርባው ሲተኛ የአየር ቧንቧው ከምግብ ቧንቧው በላይ ይሆናል፤ የተመለሰው ወተትም ወደ ላይ መውጣት ስላለበት ወደ ሳንባ አይገባም። በሆዱ ሲተኛ ቅርሻቱ ሊቀንስ ቢችልም ድንገተኛ የሕፃን ሞት ይጨምራል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1994 «በጀርባ አስተኙ» የሚል ዘመቻ ከጀመረች በኋላ ይህ ሞት ከግማሽ በላይ ቀንሷል። የሚያቀርሽ ልጅም በጀርባው፣ በደልዳላ ፍራሽ ላይ፣ ያለ ትራስ ይተኛ። በቆላ ሙቀት ጋቢ ላይ ጋቢ አትደራርቡበት፤ ከልክ ያለፈ ሙቀትም ለዚያው አደጋ ያጋልጣል።

ተረት 9፦ ቅርሻት ነው፤ ሁሉም ያልፋል።

እውነቱ፦ አብዛኛው ያልፋል። ሁሉም ግን አያልፍም። «ቅርሻት ነው» ብለን የምናዘገየው ልጅ እንዳይኖር የሚከተሉትን ለዩ፤ አንዱ እንኳ ከታየ ልጁን ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

– ትውከቱ እንደ ሐሞት አረንጓዴ ከሆነ፦ አንጀቱ ተዘግቶ ወይም ተጠማዝዞ ሊሆን ይችላል። ነገን ሳትጠብቁ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል።
– ደም ወይም የቡና አተላ የመሰለ ነገር ካለበት።
– ከሁለት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ልጅ ላይ ወተቱ እየተስፈነጠረ ከወጣ፣ እሱም ወዲያው ርቦት ጡት ከፈለገ፦ የጨጓራው መውጫ ጡንቻ ወፍሮ መንገዱን ዘግቶ ይሆናል። በወንዶች፣ በተለይ በበኩር ልጆች ላይ ይበዛል። በቀዶ ሕክምና ይድናል፤ ኦሜፕራዞል ግን ምንም አይረዳውም።
– ትኩሳት ካለው። ሲቀላ የወባ አገር ናት፤ ትኩሳት ያለው ጨቅላ ቤት አይቆይም።
– እርግብግቢቱ ካበጠ ወይም ከጎደጎደ፣ ሆዱ ከተነፋ፣ ሽንቱ ከቀነሰ፣ ከፈዘዘ፣ ጡት እምቢ ካለ።
– ኪሎው ከቆመ ወይም ከቀነሰ፤ ቅርሻቱ ከስድስት ወር በኋላ አዲስ ከጀመረ ወይም ከዓመት ካለፈ።

ከጨንቻ ተራራ ወርዶ ሲቀላ ፋርማሲ ደጃፍ ላይ የሚቆም አባት በኪሱ ያለችውን ብር ለሽሮፕ ከማውጣቱ በፊት ልጁን ያስመዝን፤ ያስመርምርም። የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በ1995 ዓ.ም. ተጀምሮ ሠራተኞቹ በየቀበሌው የተሰማሩት ለእንዲህ ያለው ጥያቄ ጭምር ነው። ምዘናውም ምክሩም ያለ ክፍያ ነው።

እናቶች ሆይ፣ ወተት ጋቢ ላይ ሲፈስ ልባችሁ አይፍሰስ። ቀለሙን እዩ፤ ነጭ ነው? ልጁን እዩ፤ ይጠባል፣ ይሸናል፣ ይስቃል? ሚዛኑን እዩ፤ ይጨምራል? ሦስቱም አዎ ከሆኑ፣ ከላይ ከተዘረዘሩት ምልክቶችም አንዱም ካልታየ፣ የሚያስፈልጋችሁ ተለዋጭ ጨርቅና ጥቂት ወራት ትዕግሥት ነው። ከሦስቱ አንዱ እንኳ አይደለም ከሆነ፣ ከምላጩም ከእንክብሉም በፊት ልጁን ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።