በረዶና ሶላር ፓነል፦ የጉዳቱ መንስኤና የመከላከያው ስልት

በስደት ዘመናችን «በረዶ» የሚለው ቃል ትርጉሙ ሰፍቷል። በሰሜኑ ዓለም በብርዱ ወራት መሬቱን የሚያለብሰውን አመዳይም፣ በደጋው አገራችን በነጎድጓድ ታጅቦ የደረሰ ሰብል የሚያወድመውን ጠጠርም በአንድ ስም እንጠራቸዋለን። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ሁለተኛውን ነው። ዓላማውም ጠጠሩ ሶላር ፓነሎችን እንዴት እንደሚጎዳና ጉዳቱን እንዴት መቀነስ እንደሚቻል ማስረዳት ነው። ጉዳዩ የትልልቅ ማመንጫ ባለቤቶችን ብቻ የሚያሳስብ አይደለም፤ ለትውልድ ቀዬው ትምህርት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ ፓነል ገዝቶ ለመላክ ያሰበ ወገን ሁሉ ሊያጤነው ይገባል።

በቅድሚያ ተቃራኒ የሚመስሉ ሁለት ክስተቶችን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር 2017 በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት፣ ጎልደን ከተማ ከባድ በረዶ ወረደ፤ በዚያ በሚገኘው ብሔራዊ የታዳሽ ኃይል ላቦራቶሪ ጣሪያ ላይ ከነበሩት ከ3,000 በላይ ፓነሎች መካከል የተሰበረው አንድ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 ግን በምዕራብ ቴክሳስ በሚገኝ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ላይ የወረደ በረዶ 400,000 ያህል ፓነሎችን ጎዳ፤ የመድን ኪሣራውም ወደ 70 ሚሊዮን ዶላር ተገመተ። አንዱ ፓነል ተርፎ ሌላው መሰበሩ የዕድል ጉዳይ ብቻ አይደለም። ውጤቱን በዋናነት የሚወስኑት የጠጠሩ መጠን፣ የመስተዋቱ ውፍረትና አሠራር፣ እንዲሁም ፓነሉ ያዘነበለበት ማዕዘን ናቸው።

ከመጠኑ እንጀምር። የጠጠሩ ዲያሜትር እጥፍ ሲሆን ክብደቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ የሚወርድበት ፍጥነትም በ1.4 እጥፍ ገደማ ይጨምራል። ጉልበቱ ከክብደቱና ከፍጥነቱ ስኩዌር የሚሰላ በመሆኑ፣ መስተዋቱን የሚመታበት ጉልበት አሥራ ስድስት እጥፍ ያድጋል። በዓለም አቀፍ ደረጃ የተለመደው ፈተና 25 ሚሊሜትር ዲያሜትር ያለው የበረዶ ድብልብል በሴኮንድ 23 ሜትር ፍጥነት በ11 ቦታዎች ላይ መተኮስ ነው። የእያንዳንዱ ምት ጉልበት 2 ጁል ያህል ነው። ትልቅ ሎሚ የሚያክለው የ50 ሚሊሜትር ጠጠር ግን 30 ጁል ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ «የበረዶ ፈተና አልፏል» የሚል ማረጋገጫ ብቻውን አያስተማምንም፤ በስንት ሚሊሜትር ጠጠር እንደተፈተነ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው መስተዋቱ ነው። ለረጅም ጊዜ የተለመደው ፓነል ፊቱ 3.2 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው ጠንካራ መስተዋት የተሸፈነ ነው። ይህ መስተዋት በከፍተኛ ሙቀት ከጋለ በኋላ በአየር በፍጥነት ስለሚቀዘቅዝ፣ የላይኛው ገጹ በግፊት ተወጥሮ ስንጥቅን ይቋቋማል። በቅርብ ዓመታት የተስፋፉት ፓነሎች በፊትም በጀርባም መስተዋት ያላቸው ሲሆኑ፣ የእያንዳንዱ ውፍረት ብዙውን ጊዜ 2 ሚሊሜትር ነው። እንዲህ ያለውን ስስ መስተዋት ከላይ በተገለጸው መንገድ ሙሉ በሙሉ ማጠንከር አስቸጋሪ ስለሆነ፣ መስተዋቱ በእጥፍ ቢበዛም ምትን የመቋቋም አቅሙ ሊያንስ ይችላል።

ሦስተኛው ማዕዘኑ ነው። ጠጠሩ ቀጥ ብሎ ሲወርድ 60 ዲግሪ ያዘነበለ ፓነል የሚያርፍበት ጉልበት፣ ጠፍጣፋ ከተኛው ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ብቻ ነው። ኢትዮጵያ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ፓነሎች ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ብቻ አዘንብለው ቢተከሉ ብዙ ብርሃን ያገኛሉ። ነገር ግን በ15 ዲግሪ የጠጠሩ ጉልበት ከመቶ 93 እጁ ፓነሉ ላይ ያርፋል። በ35 ዲግሪ በተተከለ የአውሮፓ ጣሪያ ፓነል ላይ የሚያርፈው ግን ከመቶ 67 ያህሉ ነው። ስለሆነም ለአውሮፓ ጣሪያ በቂ የሆነው ለደጋ መንደራችን በቂ ነው ብሎ መደምደም አይገባም።

መስተዋቱ ሳይሰበር የሚደርስ ጉዳትም አለ። ከሥሩ ያሉት የሲሊከን ሴሎች ውፍረታቸው ከ0.2 ሚሊሜትር ስለማይበልጥ፣ ምቱ ለዓይን የማይታይ ስንጥቅ ሊያሳድርባቸው ይችላል። ስንጥቁ ውሎ አድሮ የሴሉን ክፍል ከዑደቱ ይለያል፤ የኃይል ምርቱን ይቀንሳል፤ አንዳንዴም አንድ ቦታ ብቻ እንዲግል ያደርጋል። መስተዋቱ ከተሰበረ ደግሞ እርጥበት ይገባል። የተሰበረ ፓነል ፀሐይ እስካገኘ ድረስ ኤሌክትሪክ ማመንጨቱን ስለሚቀጥል በባዶ እጅ መንካቱ አደገኛ ነው።

መከላከያውን በተመለከተ፣ ፀሐይን እየተከተሉ የሚዞሩ ትልልቅ ማመንጫዎች የአየር ትንበያ ሲደርሳቸው ፓነሎቻቸውን ጀርባቸውን ለነፋሱ ሰጥተው 60 ዲግሪና ከዚያ በላይ ያቆሟቸዋል። ቋሚ ተከላ ይህ ዕድል የለውም። ከላዩ የሽቦ መረብ መዘርጋት ይቻላል፤ ጥላው ግን ዘወትር ምርት ይቀንሳል። ስለዚህ ለቋሚ ተከላ ዋናው ጥንቃቄ የሚደረገው በግዢ ጊዜ ነው። ገዢው 3.2 ሚሊሜትር የጠነከረ መስተዋት ያለውንና በ35 ወይም በ45 ሚሊሜትር ጠጠር የተፈተነውን ይምረጥ፤ ጥቂት መለዋወጫ ፓነሎችንም አብሮ ይላክ። ትንንሽ ተንቀሳቃሽ ፓነሎችን ደመናው ሲጠቁር ወደ ቤት ማስገባት ይበቃል። ከበረዶው በኋላም የፓነሉን ምርት መለካትና ከቀድሞው ጋር ማመሳከር ያሻል።

የቴክሳሱ ማመንጫ መድን ነበረው። የክትባት ማቀዝቀዣው በጣሪያው ፓነል ለሚሠራ የገጠር ጤና ጣቢያ ግን የሚተካለት ላይኖር ይችላል። በግዢው ቀን የምንጠይቃት አንዲት ጥያቄ ጠቀሜታዋ እዚህ ላይ ነው።