ጳውሎስ የተባሉት ኢጣልያዊ ሽፍታ

ፋሺስቶች በአገራችን በቆዩባቸው አምስት ዓመታት ስለ ነፃነቱ ዱር የገባውን ሁሉ ሽፍታ ይሉት እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ከነዚህ ሽፍቶች አንዱ ግን ራሳቸው የኢጣልያ ተወላጅ እንደ ነበሩ የሚያውቅ ጥቂት ስለ ሆነ፥ ዛሬ የእኚህን ሰው ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ወደድን።

ስማቸው ኢልዮ ባሮንቲኒ ይባላል። በ1883 ዓ.ም. በቶስካና አውራጃ ተወልደው በሊቮርኖ ከተማ የምድር ባቡር ሠራተኛ ሆኑ። የኮሙኒስት ማኅበር ሰው በመሆናቸው የሙሶሊኒ መንግሥት ቢያሳድዳቸው ቤተ ሰባቸውን ትተው ወደ ፈረንሳይ አገር ተሰደዱ። በ1929 ዓ.ም. በእስፓኝ ጦርነት ጊዜ በጓዳላሐራ ግንባር ሙሶሊኒ ከላካቸው ወታደሮች ጋራ ተዋግተዋል። እንግዲህ የገዛ ወገንን በጦር ሜዳ ፊት ለፊት መግጠም ለእርሳቸው በጎጃም የተጀመረ ነገር አልነበረም።

ወደ ጎጃም የገቡት በ1931 ዓ.ም. በሱዳን በኩል ነው። ዶሜኒኮ ሮላና በትርየስቴ አጠገብ የተወለዱት አንቶን ኡክማር ኋላ ተከተሏቸው። ባሮንቲኒ ጳውሎስ፥ ሮላ ጴጥሮስ፥ ኡክማር ዮሐንስ ስለ ተባሉ ሦስቱ ሐዋርያት የሚል ስም ወጣላቸው። እግዚአብሔር የለም ከሚል ማኅበር ለመጡ ሰዎች ይህ ስም መውጣቱ ፈገግ ያሰኛል።

ያን ጊዜ ጠላት በቡሬ፥ በዳንግላና በደብረ ማርቆስ ምሽግ ሠርቶ ተቀምጦ ነበር። ከምሽጉ ውጭ ያለው ገጠር ግን ከጢስ ዓባይ ጀምሮ ዓባይ እስከሚዞርበት ቆላ ድረስ፥ አብዛኛው እነ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፥ እነ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፥ እነ ልጅ በላይ ዘለቀ የሚመላለሱበት የአርበኛ አገር ነበር።

እኛን የሚያስደንቀን ከጦሩ ይልቅ የቤቱ ነገር ነው። ወንድሙ በጣልያን እጅ የሞተበት፥ ከብቱ የተነዳበት፥ ጎጆው የተቃጠለበት ባላገር ማታ ደጁን ሲከፍት ነጭ ፊት ያለው፥ የገዳዮቹን ቋንቋ የሚናገር እንግዳ ቆሞ ያያል። አሳልፎ ቢሰጠው ከጠላት ዘንድ ሞገስ ያገኛል፤ ቢያስጠጋው ግን ከነልጆቹ ይጠፋል። ሦስቱ ሰዎች በሕይወት መውጣታቸው ባላገሩና ባለቤቱ የትኛውን እንደ መረጡ ያስረዳል። የእንግዳውን እግር አጥባ፥ ካላት እንጀራ ቆርሳ ያሳደረች እመቤት ድርሻዋ ጠመንጃ ከያዘው አያንስም።

ባሮንቲኒ አርበኞቹን የውጊያ ስልት ከማስተማር በቀር፥ የሐበሾች ድምፅ የሚል ጋዜጣ በአማርኛና በኢጣልያንኛ ያዘጋጁ ነበር። በሁለት ቋንቋ መሆኑ ለአርበኛውም ለኢጣልያው ወታደርም እንዲደርስ ነው።

በ1932 ዓ.ም. ወደ ሱዳን ሲመለሱ በበረሐው ውስጥ በውኃ ጥም ሊሞቱ ደርሰው ነበር። ከዚያ ወደ አውሮፓ ተሻግረው በቦሎኛ ከተማ ጀርመኖችንና ፋሺስቶችን የሚወጉትን አርበኞች መሩ። ሽፍታ ያላቸው መንግሥት ከወደቀ በኋላም በ1940 ዓ.ም. ለአገራቸው የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ተመረጡ። በጥር 1943 ዓ.ም. በፊሬንዜ አጠገብ በአውቶሞቢል አደጋ ሞቱ።