ከቃሉ በላይ የተጻፉት ጥቃቅን ፊደላት

በጣና ዳር ካሉት ገዳማት በአንዱ የብራና ድጓ ተገልጦ ያየ ሰው አንድ ጥያቄ ሳያነሣ አያልፍም። ከመስመሮቹ መካከል ጉንዳን የሰፈረባቸው የሚመስሉት እነዚያ ጥቃቅን ጽሑፎች ምንድን ናቸው? ዋናው ጽሑፍ ግእዝ ነው፤ ጥቁርና ቀይ ቀለም ተፈራርቆበታል፤ ይነበባል። ከላዩ ያሉት ግን ነጥብ፣ ቅስት፣ ሰረዝ፣ አንዳንዴም አንድ ሁለት ፊደል ብቻ ናቸው። ግእዝ አሳምሮ የሚያውቅ ሰው እንኳ ዜማ ካልተማረ ምንም አይነግሩትም።

መልሱ አጭር ነው፤ የዜማ ምልክቶች ናቸው። ረጅሙ ነገር እንዴት እንደሚሠሩ፣ ለማን እንደተጻፉና ለምን ያለ መምህር እንደማይፈቱ ማስረዳቱ ነው። ጉዳዩ የቤተ ክህነት ሰው ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዛሬ ክራር ወይም በገና ከመጽሐፍ ሊማር የሚያስብ የባሕር ዳር ወጣትም ከዚሁ ጥያቄ ጋር መገናኘቱ አይቀርም።

የዜማ መጻሕፍት የሚባሉት አምስት ናቸው፤ ድጓ፣ ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍ፣ ዝማሬና መዋሥዕት። ድጓ ትልቁ ነው። የዓመቱን በዓላትና ሰንበታት ዜማ ዮሐንስ፣ አስተምሕሮና ፋሲካ በሚባሉ ሦስት ክፍሎች ይዟል። ጾመ ድጓ ለዐቢይ ጾም ነው። ምዕራፍ ዘወትር የሚደጋገመውን፣ ዳዊት እንዴት እንደሚዜም ጭምር ያሳያል። ዝማሬ ከቁርባን በኋላ ይዜማል፤ መዋሥዕት በአብዛኛው ለሙታን ጸሎት ነው። ሁሉም የ6ኛው መቶ ዘመን ሊቅ የቅዱስ ያሬድ ድርሰት ተብለው ይታወቃሉ። የጣና ሰውም በዚህ ታሪክ ድርሻ አለኝ ይላል። ያሬድ ከዐፄ ገብረ መስቀልና ከአቡነ አረጋዊ ጋር ወደ ጣና ቂርቆስ መጥቶ እንደተቀመጠ፣ ከዚያም ወደ ጋይንት፣ ወደ ዙር አምባ እንደተሻገረ በትውፊት ይነገራል።

ትውፊቱ እንዳለ ሆኖ፣ ምልክቶቹ ሥርዓት ይዘው የተጻፉት ብዙ ቆይቶ ነው። ሥራው በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ ከ1540 እስከ 1559 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ውስጥ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ለሚባሉ ሁለት ሊቃውንት ይሰጣል፤ ትምህርቱም ከወሎዋ ተድባበ ማርያም ጋር ይያያዛል። ጊዜውን ልብ በሉ። የግራኝ አሕመድ ጦርነት ገና ማብቃቱ ነው። አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል፣ መጻሕፍት ጠፍተዋል፣ ዜማውን በቃላቸው የያዙ ካህናትም አልቀዋል። በቃል ብቻ የተያዘ ነገር ከያዡ ጋር እንደሚቀበር ያ ትውልድ በዓይኑ አይቷል። ወደ ብዕር ያስሮጠው ይህ ይመስለኛል።

ምልክቶቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያዎቹ የድምፁን አካሄድ የሚያሳዩ ቅርጾች ሲሆኑ፣ ስምንቱ ዋነኞች ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደትና ቁርጥ ይባላሉ። ድርስና አንብር ሲጨመሩ ዐሥር ይሆናሉ። ርክርክ የተደረደሩ ነጥቦች ናቸው፤ ድምፁ እንዲርገበገብ ያዝዛሉ። ድፋት ድምፅን ዝቅ ያደርጋል፤ ቅናት ወደ ላይ ያነሣል። ደረት ሲመጣ ድምፁ ወፍሮ ከደረት ይወጣል፤ ቁርጥ ቆም ያሰኛል። መምህራኑ እነዚህን ከሕማማተ ክርስቶስ ጋር አያይዘው ያስተምራሉ፤ ይዘትን ከመያዙ፣ ርክርክን ከደሙ ነጠብጣብ ጋር። ለተማሪ ማስታወሻነት ከዚህ የተሻለ ዘዴ ማግኘት ይከብዳል።

ሁለተኛው ዓይነት ሥረይ ይባላል፤ እንግዳ ሰው ግራ የሚጋባውም እዚህ ላይ ነው። ሊቃውንት ሁሉ የሚያውቁት አንድ የዜማ ሐረግ አለ እንበል። ከዚያ ሐረግ ቃል ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ፊደል ይወሰዳል። ያው የዜማ ሐረግ በሌላ በዓል፣ በሌላ ቃል ላይ ሲመጣ እነዚያ ፊደላት ከቃሉ በላይ በትንሹ ይጻፋሉ። መልእክታቸው «ይህን እዚያ እንዳዜምከው አዚመው» ነው። እንዲህ ያሉ ሥረዮች በመቶዎች ይቈጠራሉ። ከዚህም በላይ ዜማው በግእዝ፣ በዕዝል ወይም በአራራይ ይሆናል፤ ያሬዳዊ ዜማ የሚመላለሰው በእነዚህ ሦስት ስልቶች ነው። ስልቱ ሲለወጥ የምልክቱም ድምፅ አብሮ ይለወጣል።

ስለዚህ ሥረይ የሚጠቅመው የመጀመሪያውን ዜማ አስቀድሞ በጆሮው ለያዘ ሰው ነው። ላልያዘ ሰው ፊደሉ ፊደል ብቻ ነው። አንዳንዶች ይህን እንደ ጉድለት ያዩታል፤ እኔ አላየውም። በአውሮፓም ከ9ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ከላቲኑ ቃል በላይ የሚጻፉት ጭረቶች እንዲሁ ለሚያውቅ ማስታወሻ ነበሩ። በ11ኛው መቶ ዘመን የአሬዞው መነኩሴ ጊዶ ምልክቶቹን በመስመሮች ላይ አሰፈራቸውና ዘማሪ ሰምቶት የማያውቀውን ዜማ ከገጽ ላይ ማንበብ ቻለ። ዛሬ ኖታ የምንለው ከዚያ የመጣ ነው። ትርፉ ትልቅ ነው፤ ኪሳራም አለው። ኖታ ድምፁ የት ላይ እንደሚያርፍ በትክክል ይናገራል፤ በሁለት ማረፊያዎች መካከል ድምፁ እንዴት እንደሚንሸራተት፣ እንደሚርገበገብና እንደሚሰበር ግን ብዙም አይናገርም። ያሬዳዊ ዜማ ደግሞ ነፍሱ ያለው እዚያ መካከል ነው።

ትምህርቱም መጽሐፉ በሚፈልገው መልክ የተሰናዳ ነው። ተማሪው ፊደልና ዳዊት ከጨረሰ በኋላ በቃል ዜማ ይጀምራል። ቀን ቀን መሪጌታው ፊት ተቀምጦ ከመጽሐፉ ያዜማል፤ መሪጌታው ብዙ ጊዜ መጽሐፉን ሳያዩ ይሰሙታል፤ ሲሳሳት ያቆሙታል፤ ደግመው አዚመው ያስይዙታል። ማታ መብራት በሌለበት ጎጆ ያንኑ በቃሉ ይወጣዋል። ዓመታት ይፈጃል። ማየት የተሳናቸው ተማሪዎችም ከሌላው እኩል ተምረው መምህር እስከ መሆን ይደርሳሉ፤ ትምህርቱ በጆሮ ካልሆነ ይህ ከቶ አይሆንም ነበር።

መጽሐፉም ቢሆን እንደ ዋዛ አይገኝም ነበር። የጥንት ተማሪ ድጓውን ራሱ ይጽፍ ነበር። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ተፍቆ ብራና ይሆናል፤ ቀለሙ ከጥላሸት ይበጠበጣል፤ ብዕሩ መቃ ነው። መጀመሪያ ቃሉ ይጻፋል፤ ለምልክቱ ቦታ ተትቶ ቆይቶ ምልክቱ ይገባል። በምልክቱ ላይ አንዲት ነጥብ ያለ ቦታዋ ብትገባ ዜማውን የሚያበላሽ ስሕተት ይሆናል፤ ስለዚህ እርማት የግድ ነው። ትምህርቱን የጨረሰ ሰው ምስክር፣ ማለትም የመምህርነት ማረጋገጫ ያገኛል፤ የድጓ ምስክር የሚሰጠው በጋይንት ቤተልሔም ነው። ከባሕር ዳር በወረታና በደብረ ታቦር በኩል ወደ ጋይንት የሚሄደው መንገድ፣ በዜማ ተማሪ ዓይን ሲታይ ዩኒቨርሲቲን ከዩኒቨርሲቲ የሚያያይዝ ነው፤ የዝማሬ መዋሥዕት ምስክር ቤት ዙር አምባም በዚያው በጋይንት ነው። በመቋሚያ፣ በከበሮና በጸናጽል ለሚዜመው ለአቋቋም ወደ ጎንደር በአታ፣ ለቅዳሴ ወደ ሰሌልኩላ ወይም ወደ ደብረ ዓባይ ይኬዳል። ከቤተልሔም ሌላ አጫብር፣ ቆማና ተጉለት የሚባሉ የዜማ ወገኖች አሉ፤ ቃሉ አንድ ሆኖ አዜማዜሙ ይለያያል።

አቋቋም ላይ ስንደርስ ደግሞ መጽሐፉ ይበልጥ ዝም ይላል። በበዓል ሌሊት በባሕር ዳር ጊዮርጊስ ማኅሌት ያደረ ሰው ያውቀዋል። አንዱ ቃል መጀመሪያ በቁም ዜማ፣ በድምፅ ብቻ ይባላል። ከዚያ በመቋሚያ ይዘመማል፤ ከበሮና ጸናጽል ሲገቡ መረግድ ይሆናል፤ እየፈጠነ ሄዶ ጽፋት ይደርሳል። ድጓው የሚያሳየው የመጀመሪያውን ነው። መቋሚያው የት እንደሚነሣ፣ ከበሮው የት እንደሚመታ በአብዛኛው ያለው በሊቃውንቱ አካል ውስጥ ነው።

ለዚህ ከጣና ዳር የሚጠቀስ ታላቅ ሰው አለ። በቀልዳቸው የምናውቃቸው የፎገራው አለቃ ገብረ ሐና የአቋቋም ሊቅ ነበሩ፤ ቀልዱ ሊቅነታቸውን ሸፍኖባቸዋል። ወደ ግራና ወደ ቀኝ በለስላሳ የሚወዛወዘውን አቋቋም ያወጡት እሳቸው ናቸው። የጣናን ማዕበልና በነፋስ የሚወዛወዘውን ሸምበቆ አይተው እንደሆነ ይነገራል። ልጃቸው ተክሌ ተቀብሎ ስላስፋፋው ተክሌ አቋቋም ተባለ፤ መናኸሪያው ደብረ ታቦር ሆነ። እዚህ ላይ መጽሐፍ ዋና መንገድ አልነበረም፤ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ተማሪ በእግርና በትከሻ ነው የተሻገረው።

ወደ መጻሕፍቱ እንመለስ። የጣና ብራናዎች በውጭ ምሁራን ዘንድ በስፋት የታወቁት በፎቶ ነው። ምሁሩ ኤርንስት ሐመርሽሚት በ1968 እ.ኤ.አ. የደሴቶቹን ብራናዎች በማይክሮፊልም አነሣ፤ ዝርዝራቸው ከ1973 ጀምሮ በጀርመንኛ ታተመ። ምልክቶቹ ወደ ኮምፒውተር የገቡት ደግሞ በ2005 እ.ኤ.አ. ነው፤ በዚያ ዓመት በወጣው የዩኒኮድ እትም ለግእዝ የዜማ ምልክቶች 10 ቦታ ተሰጠ። ዛሬ ርክርክን በኮምፒውተር መጻፍ ይቻላል፤ ይህ ግን ትምህርቱን ቀላል አላደረገውም።

ይበልጥ ትምህርት የሚሆነን ሌላ መጽሐፍ ነው። ኬይ ካፍማን ሸለመይና ፒተር ጀፍሪ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ምሁራን ከ1993 እስከ 1997 እ.ኤ.አ. በሦስት ቅጽ የያሬዳዊ ዜማ ስብስብ አሳተሙ። ቃሉን፣ ምልክቱንና ኖታውን አንድ ላይ አስቀመጡ፤ ከዚህም አልፈው ዜማው በሊቅ ድምፅ ተቀርጾ ከመጽሐፉ ጋር እንዲወጣ አደረጉ። ገጹን እያየህ ትሰማለህ። የመሪጌታውን ወንበር አይተካም፤ ከወንበሩ ትንሽ ራቅ ብሎ እንደ መቀመጥ ግን ነው።

አሁን ወደ ክራሩና ወደ በገናው ልምጣ። የአዲስ አበባው ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ «የሙዚቃ ሰዋስው» የሚል መጽሐፍ በአማርኛ ጽፎ ነበር። ከዚያ ወዲህ የወጡት የመማሪያ መጻሕፍት ሁለት መንገድ ይከተላሉ። አንዱ በኖታ ያስተምራል። ሌላው አውታሮቹን በቁጥር ይጠራል። በገና 10 አውታር አለው፤ በተለመደው አደራደር ጣት የሚነካቸው 1ኛው፣ 3ኛው፣ 4ኛው፣ 6ኛው፣ 8ኛውና 10ኛው ናቸው፤ ስለዚህ አንድ መዝሙር በእነዚህ ቁጥሮች ተርታ ሊጻፍ ይችላል። ለክራርም 6ቱን ክሮች በቁጥር መጥራት ይበቃል።

ለጀማሪ የቁጥሩን መንገድ እመርጣለሁ። ክራር የሚቃኘው ለዘፋኙ ድምፅ ነው፤ ዛሬ ከፍ፣ ነገ ዝቅ ይላል። ኖታ አንድ ቋሚ ከፍታ ያስይዛል፤ ቁጥሩ ግን ቅኝቱ የትም ቢነሣ አይለወጥም። ነገር ግን ቁጥሩም እንደ ሥረይ ነው፤ ዘፈኑን ለሚያውቅ እንጂ ለማያውቅ ምቱን፣ እርዝመቱንና ጌጡን አይሰጠውም። ማሲንቆ ላይ ደግሞ ሁለቱም ይደክማሉ። አንድ ጭራ ነው ያለው፤ ጣት የሚያርፍበት ቦታ ምልክት የለውም፤ ጆሮ ብቻ ነው ፈራጁ። ዋሽንት ለመማር መጽሐፍ ከመግዛት ከሚነፋ ሰው አጠገብ መቀመጥ ይሻላል።

እንግዲህ መጽሐፍ ልትገዙ ስትነሡ የሽፋኑን ሥዕል ትታችሁ ውስጡን ተመልከቱ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የሚባሉት ቅኝቶች ክር በክር እንዴት እንደሚቃኙ ካላሳየ መልሱት። ጣት የትኛው ክር ላይ እንደሚውል ካልነገረ እንዲሁ። የተቀረጸ ድምፅ፣ ሲዲም ሆነ የስልክ ፋይል፣ ከሌለው ደግሞ መጽሐፉን ከመግዛታችሁ በፊት የሚያስተምር ሰው ፈልጉ። በባሕር ዳር ሙሉዓለም የባህል ማዕከል መድረክ ላይ የሚጫወቱትን ማየት፣ ከትርኢቱ በኋላም የጣት አያያዝ መጠየቅ ከብዙ ገጽ ይበልጣል።

የጣናን ድጓ ማየት ለምትፈልጉም አንድ ነገር ልንገራችሁ። ክብራን ገብርኤልና ጣና ቂርቆስ ሴቶችን አያስገቡም፤ በዘጌ ያለው ዑራ ኪዳነ ምሕረትና በደቅ ደሴት ያለው ናርጋ ሥላሴ ግን ያስገባሉ። መጽሐፉ እንዲገለጥላችሁ በትሕትና ጠይቁ፤ በብራናው ላይ ጣት አታሳርፉ፤ ፎቶ ለማንሣት አስፈቅዱ።

ስልክ በኪሱ ያለ የዜማ ተማሪ ደግሞ ከዚህ በላይ ሊሠራ ይችላል። መሪጌታውን አስፈቅዶ ሲያስይዙት ይቅረጽ፤ በቅጂው መጀመሪያ የበዓሉን ስም፣ ስልቱን፣ የዜማውን ወገንና የመጽሐፉን ገጽ በድምፁ ይናገር፤ አንዱን ቅጂ ለደብሩ ይስጥ። ጌራና ራጉኤል በመቃ ብዕር የጀመሩትን ሥራ ለመቀጠል ዛሬ የሚያስፈልገው ወጪ ይኸው ነው።