በፊልም የምናየው አጣብቂኝ ምን ያህል አጣብቂኝ ነው?

«አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» የሚለው ጥያቄ ፊልም ታይቶ ሲያልቅ ከአፋችን አይጠፋም። ዶርም ውስጥ በዚህ ጥያቄ ስንት ሌሊት እንደተጨቃጨቅን እኛው እናውቀዋለን። እኔ ግን የሥነ ምግባር ፍልስፍና ኮርስ ከወሰድኩ ወዲህ ከዚህ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ ይመጣብኛል። ለመሆኑ ባለ ታሪኩ ምርጫው በእርግጥ ከብዶታል ወይ?

መጀመሪያ ሁለት ነገሮችን እንለይ። ትክክለኛውን ነገር ማወቅ ሊከብድ ይችላል፤ አውቆ ማድረግ ደግሞ ሌላ ክብደት አለው። እ.ኤ.አ. በ1942 የወጣውን «ካዛብላንካ»ን እንውሰድ። ሪክ የሚወዳትን ሴት፣ ናዚዎችን ከሚታገለው ባሏ ጋር በአውሮፕላን ይሸኛታል። እኛም አብረን እናዝናለን። ሆኖም ምን ማድረግ እንዳለበት ለማንም የተሰወረ አይደለም። ይህ መሥዋዕትነት እንጂ አጣብቂኝ አይባልም።

ሌላው ዓይነት የባሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣው «ስፓይደርማን» ውስጥ ጠላቱ ድልድይ ላይ ቆሞ በአንድ እጁ የሚወዳትን ልጅ፣ በሌላው ደግሞ ሕፃናት የተሳፈሩበትን የኬብል መኪና አንጠልጥሎ «ምረጥ» ይለዋል። ከባድ ነው፣ አይካድም። ታዲያ ምን ሆነ? ሁለቱንም አዳነ! በ2008 በወጣው «ዘ ዳርክ ናይት» ደግሞ ፈንጂ የተጠመደባቸው ሁለት ጀልባዎች አሉ፤ የአንዱ ማፈንጃ በሌላው ተሳፋሪዎች እጅ ነው። ማንም አይጫንም፤ ባትማንም ጆከርን በሰዓቱ ይደርስበታል። ደራሲው አጣብቂኙን በአንድ እጁ ሰጥቶ በሌላው ነጠቀን ማለት ነው።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ በርናርድ ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው ጽሑፍ አንድ ጠቃሚ ነገር አሳይቷል። ሁለት ግዴታዎች ሲጋጩ ያልተፈጸመው ግዴታ እንደ ተሳሳተ ሐሳብ ተሰርዞ አይጠፋም፣ በጸጸት መልክ አብሮን ይቀራል። እኔ ይህን እንደ መመዘኛ እወስደዋለሁ። ምርጫው ካለፈ በኋላ ምን ዕዳ ቀረ? ስፓይደርማን ላይ ምንም።

እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው «የሶፊ ምርጫ» ይህን ፈተና ያልፋል። አውሽዊትስ ላይ አንድ የናዚ ሐኪም እናቲቱን ከሁለት ልጆችሽ አንዱን ምረጪ፣ አለዚያ ሁለቱም ይሞታሉ ይላታል። ሴት ልጇን ትሰጣለች፤ ከዚያ በኋላ ግን መኖር አቃታት። ክፍላችን ውስጥ ብዙዎች ከሁሉ የላቀው የአጣብቂኝ ምሳሌ ይህ ነው ይላሉ። እኔ አልስማማም። እዚያ ላይ የሚመዘን ምክንያት የት አለ? አንዱን ልጅ ከሌላው የሚያስበልጥ ነገር የለም። ሶፊ ወንጀል ተፈጸመባት እንጂ እንደ ዳኛ አልመረጠችም።

ይህ የፊልም ወሬ ብቻ ከመሰላችሁ፣ ልጇን ለእናቷ ትታ አረብ አገር ለሥራ የሄደችውን ሴት አስቡ። ብትቀር የትምህርት ቤት ክፍያ የለም፣ ብትሄድ ልጁ ያለ እናት ያድጋል። እኛ ግን ቡና እየጠጣን «እንዴት አስቻላት? ሌላ መንገድ ጠፍቶ ነው?» እንላለን። ሁልጊዜ ሦስተኛ መንገድ ይገኛል የሚለውን ከየት ተማርነው? በከፊል ከነዚሁ ፊልሞች ይመስለኛል።

ለዚህ የሚቀርበው እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የኢራናዊው አስጋር ፋርሃዲ «ኤ ሴፓሬሽን» ነው። ሚስት ለልጃቸው ስትል ከአገር መውጣት ትፈልጋለች። ባል የአልዛይመር ሕመምተኛ አባቱን ጥሎ መሄድ አይችልም። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ክፉ ሰው የለበትም፣ ጀግናም አይመጣም። በመጨረሻ ዳኛው ልጅቷን ከማን ጋር መኖር እንደምትፈልግ ይጠይቃታል። ወስኛለሁ ትላለች። ወላጆቿ ወጥተው ኮሪደር ላይ ይጠብቃሉ፤ መልሷን ሳንሰማ ፊልሙ ያልቃል። አብሮኝ ያየው ጓደኛዬ «ታዲያ ማንን መረጠች?» እያለ ሲናደድ አመሸ።