ዕዳው ከትኬቱ ይቀድማል

በኮንትራት አረብ አገር የምትሄድ የቤት ሠራተኛ መከራዋ ሪያድ ወይም ቤሩት ስትደርስ የሚጀምር ይመስለናል። ብዙ ጊዜ ግን የሚጀምረው እዚሁ ነው፤ ቤተሰቧ በሬ ሸጦ ወይም በአራጣ ተበድሮ ለደላላ የከፈለ ዕለት።

ሕጉ ግልጽ ነው። በአዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት የቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ እንዲሁም የኢንሹራንስ ወጪ የአሠሪው ነው። ሠራተኛዋ የምትሸፍነው የፓስፖርት፣ የሕክምና ምርመራ፣ የክትባት፣ የልደት የምስክር ወረቀትና መሰል ወጪዎችን ብቻ ነው። ደላላው «ለፕሮሰስ» እያለ የሚቀበለው ከዚህ ውጭ ነው። ደረሰኝ ስለማይሰጥም ጉዞው ቢሰናከል ገንዘቡን ውሃ በላው ማለት ነው።

በወዲያኛው በኩል አሠሪዋም ለኤጀንሲ ጠቀም ያለ ገንዘብ ከፍላለች። አንዱ ጉዞ ሁለት ጊዜ ተሸጠ። ማዳሟ «ከፍዬብሻለሁ» ብላ ታዝዛለች። ሠራተኛዋ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሥራውን ከተወች ደግሞ ኤጀንሲው አብዛኛውን ጊዜ ምትክ ማቅረብ ወይም ገንዘብ መመለስ አለበት። ልጅቷ ደውላ «እንቅልፍ የለኝም፣ ምግብም ይከለክሉኛል» ስትል «ትንሽ ቻይው፣ ትለምጂዋለሽ» የሚል መልስ የምታገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ቤቱን ጥላ ብትወጣስ? እዚህ ላይ ከፋላ ይመጣል። በዚህ አሠራር የመኖሪያ ፈቃዷ ከአንድ አሠሪ ጋር የተሳሰረ ነው፤ ጠፍታ ከወጣች ሕገወጥ ትባላለች። ኳታር እ.ኤ.አ. በ2020 ያለ አሠሪ ፈቃድ ሥራ መቀየርን ለቤት ሠራተኞችም ፈቅዳለች። ሳዑዲ ዓረቢያ በ2021 ያደረገችው ማሻሻያ ግን የቤት ሠራተኞችን አልጨመረም። የሊባኖስ የሥራ ሕግም ከ1946 ጀምሮ አያውቃቸውም። በ2020 የሊባኖስ ኢኮኖሚ ሲወድቅ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያንን ከነሻንጣቸው ቤሩት በሚገኘው ቆንስላችን ደጃፍ ጥለዋቸው ሄደዋል፤ ብዙዎቹ ደሞዛቸው እንኳ አልተከፈላቸውም ነበር።

ከፋላ መውጫውን ሲዘጋ፣ ዕዳው አፍ ይዘጋል። አገር ቤት አበዳሪው ወለድ እየቆጠረ ሳለ ደሞዝ የተከለከለች ልጅ እናቷን «ደህና ነኝ» ትላለች፤ ባዶ እጇን ብትመለስ ዕዳው ቤተሰቧ ላይ እንደሚወድቅ ታውቃለችና።

እንግዲህ ቤተሰብ ምን ያድርግ? ከመክፈሉ በፊት ኤጀንሲው ፈቃድ እንዳለው ሥራና ክህሎት ቢሮ ሄዶ ይጠይቅ። ያለ ደረሰኝ አይክፈል። የኮንትራቷንና የፓስፖርቷን ቅጂ፣ የአሠሪዋንም አድራሻ ቤት ያስቀር። ልጅቷ አሠሪዋ አጠገቧ እያለች ስትደውል ችግሯን የምታሳውቅበት ቃልም አብረው ይምረጡ። ከሁሉ በላይ ከመሄዷ በፊት እንዲህ ይበላት፦ «ካልሆነልሽ ተመለሽ፤ ዕዳውን ተረዳድተን እንከፍለዋለን።» ይህን ሰምታ የሄደች ልጅ ችግር ሲገጥማት ቶሎ ትናገራለች።