የሊንከን የጦር ሚኒስትር

ኤድዊን ስታንተን እ.ኤ.አ. በ1814 በኦሃዮ ግዛት፣ በስቱበንቪል ከተማ ተወለደ። በ13 ዓመቱ አባቱ ስለሞቱ በመጽሐፍ መደብር ተቀጠረ። ኋላም ኬንየን ኮሌጅ ገብቶ፣ ገንዘብ ሲያጥረው ሳይመረቅ ወጣ፤ ሕግ አጥንቶ ግን ስመ ጥር ጠበቃ ለመሆን በቃ። ቁጡና ምላሰ ስለታም ነበር። በ1855 በአንድ የእህል ማጨጃ ማሽን የፈጠራ መብት ክርክር ከእሱ ጋር በአንድ ወገን የተቀጠረውን የኢሊኖይ ጠበቃ አብርሃም ሊንከንን ከቁብ አልቆጠረውም፤ ችሎት ፊትም እንዲናገር ሳይደረግ ቀረ።

ሊንከን ፕሬዚዳንት ሲሆን ቂሙን አላሰበም። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ተነሥቶ የጦር ሚኒስቴሩ በጥይትና በስንቅ ግዢ ሙስና ስሙ በጠፋበት በ1862 መጀመሪያ፣ የተቃዋሚ ፓርቲ ሰው የነበረውን ስታንተንን በቀድሞው ሚኒስትር በሲሞን ካሜሮን ቦታ ሾመው። ስታንተን ከነጋዴዎች ጋር የተገቡትን ውሎች ያስመረምር ጀመር። ባለጉዳዮችን ከረጅም ጠረጴዛ ኋላ ቆሞ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ያነጋግር ስለነበር በጓዳ ለመመሳጠር የመጣ ሁሉ አፍሮ ይመለስ ነበር። የቴሌግራፉን ክፍል ከቢሮው አጠገብ አደረገ፤ ሊንከንም የግንባሩን ወሬ ለማንበብ እዚያው ይመላለስ ነበር።

ችሎታው ጎልቶ የታየው በ1863 ነው። የሊንከን መንግሥት ጦር (የኅብረቱ ጦር) ቺካማውጋ ላይ ተሸንፎ ቻታኑጋ ውስጥ ሲከበብ፣ ስታንተን ባለሥልጣናቱን በሌሊት ሰብስቦ ከቨርጂኒያ በባቡር ረዳት ጦር እንላክ አለ። ሊንከን ተጠራጠረ። ሆኖም የባቡር ኩባንያ ኃላፊዎች ተጠርተው የጉዞው ሰሌዳ ወጣ፤ ወደ 20,000 የሚጠጋ ወታደር ከ1,900 ኪሎ ሜትር ያላነሰ መንገድ በሁለት ሳምንት ገደማ ተጓጓዘ። በዚያ ዘመን ይህን ያህል ጦር እንዲህ ፈጥኖ ማንቀሳቀስ ተአምር ነበር። በሌላ በኩል ሲቪሎችን ያለ ፍርድ ማሳሰሩና ጋዜጦችን ማፈኑ የማይካድ ጥፋቱ ነው።

በኤፕሪል 1865 ሊንከን በጥይት ተመትቶ ሲያጣጥር፣ ስታንተን ከጎኑ ባለው ክፍል ሆኖ ምስክሮች እየጠየቀ፣ ገዳዩ እንዲታደን ትእዛዝ እየላከ አደረ። ከሊንከን ተተኪ ከአንድሩ ጆንሰን ጋር ግን በተሸነፈው ደቡብ አያያዝ ተጣላ። በ1868 ጆንሰን ሲሽረው አልወጣም ብሎ ቢሮውን ዘግቶ እዚያው ያድር ጀመር። ሽረቱ ፕሬዚዳንቱን ለክስ ዳረገው፤ ሴኔቱ ጆንሰንን ለማውረድ አንድ ድምፅ ሲጎድለው ስታንተን ሥልጣኑን ለቀቀ።

በ1869 ፕሬዚዳንት ግራንት ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኝነት አጨው። ስታንተን ሴኔቱ ሹመቱን ባጸደቀ በአራተኛው ቀን፣ ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ ሞተ።